ለባቡር ነጂ የሚሆን ፕሮሰሰር

አቃቂ፣ መስከረም 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ ለሥርጉት ዘአማኑኤል
ሻርጃ

አዲሱ ዓመት በምትሄጂበት ሁሉ ቀድሞሽ ይግባ፤ በሩንም ከፍቶ ይጠብቅሽ። ጤናሽ፣ ሥራሽ፣ እንቅልፍሽ እንዴት ነው? እኛ አለን። ባለቤቴ የሺሐረግ ጉልበቷን ያማታል፤ ምላሷን ግን ምንም አልነካውም። ልጄ ዮዲ ያው ቂሊንጦ ፋብሪካ ቢሮ ውስጥ ናት፤ ጠዋት በሠራተኛ ሰርቪስ ትሄዳለች፣ ማታ እግሯን እየጎተተች ትመለሳለች። ይህን በእጄ የጻፍኩትን ወረቀት በስልኳ ፎቶ አንስታ የምትልክልሽ እሷ ናት። ለምን አይደውሉም እንዳትይኝ። በስልክ የተነገረ ነገር ለእርማት አይመችም፤ ወረቀት ላይ ያለ ግን ይሰመርበታል።

ሠላሳ አራት ዓመት ሒሳብ ያስተማረ ሰው መጀመሪያ ጥያቄውን በግልጽ ያስቀምጣል፤ እነሆ። ኮምፒዩተር ማስገጣጠም እፈልጋለሁ። ለዚህ የያዝኩት አርባ አምስት ሺህ ብር ነው፤ ከዚያ በላይ የለኝም። ኮምፒዩተሩ ጨዋታ ማጫወት አለበት። ጨዋታው እየሄደም ሌላ ፕሮግራም በጎን ሳይንቀራፈፍ መሥራት አለበት። የጠየቅኩት ሰው ሁሉ “ዋናው ፕሮሰሰሩ ነው” ይለኛል። ፕሮሰሰር ምን እንደሆነ የሚያስረዳኝ ግን አጣሁ። አንቺ ያገለገሉ ኮምፒዩተሮች በሚሸጡበት ሱቅ ስትሠሪ ሰባተኛ ዓመትሽ ነው።

ተጫዋቹ አባትሽ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዓምና ግራ ጎኑን ካመመው ወዲህ ከእኛ ጋር እንደሚኖር ታውቂያለሽ። ሐኪሙ “ንግግሩ ተመልሷል” ይላል፤ እሱ ግን አይጠቀምበትም። በቀን ከስድስት ቃል አይበልጥም፤ ቆጥሬያለሁ። በነሐሴ አንድ እሑድ ዮዲ የቢሮዋን ላፕቶፕ ይዛ መጥታ ባቡር የሚነዳበት ጨዋታ ከፈተችለት። እሷ ስትነዳ እሱ ያያል። አንዱን ጣቢያ አልፋው ቆመች። አባትሽ ከወንበሩ ሳይነሳ፣ “ፍሬን የሚያዘው ጣቢያው ሲታይ አይደለም፤ ጣቢያው ሲታሰብ ነው” አለ። ስምንት ቃል በአንድ ትንፋሽ! ከዚያ ራሱ ወንበሯን ሳብ አደረገና ተቀመጠ።

ላፕቶፑ ግን ይቆማል። በሰዓቴ ያዝኩት፤ በየአራት ደቂቃው ስክሪኑ ድርቅ ይላል፤ ሆዱም እንደ ምጣድ ይግላል። ሦስተኛው ላይ አባትሽ ተነሳና፣ “ባቡር ሜዳ ላይ አይቆምም” ብሎ ወደ አልጋው ሄደ። በሚቀጥለው እሑድ ዮዲ ብትለምነው እጁን አልዘረጋም። ስለዚህ አንድ ዕድል ብቻ ነው ያለን። አዲሱም መሃል መንገድ ላይ ከቆመበት ሁለተኛ አይነካውም፤ ወንድሜን አውቀዋለሁ።

ጥያቄዎቼ አምስት ናቸው።
1ኛ. ፕሮሰሰር የሚመረጠው በምኑ ነው?
2ኛ. “አይ ሰባት”፣ “ራይዘን አምስት” የሚባለው ቁጥር ደረጃ ነው ወይስ ስም?
3ኛ. ጨዋታና ሌላ ሥራ በአንድ ጊዜ ለማስኬድ ስንት ኮር ይበቃል?
4ኛ. በዚህ ገንዘብ የትኛው ይገዛ?
5ኛ. ለተጫዋቹ የምትነግሪው ነገር አለ?

ገንዘብ አትላኪ። እውቀት ላኪ።

መልካሙን ሁሉ የምመኝልሽ
አጎትሽ አምባው


ሻርጃ፣ ሴፕቴምበር 26

ለተከበሩ አጎቴ ለመምህር አምባው

ጋሼ፣ እንኳን አደረሰዎት። ደብዳቤዎን ሱቅ ውስጥ ቆሜ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሦስት ደንበኛ አለፈኝ፤ ይለፍ። ለእትዬ የሺሐረግ ጉልበት ቅባት ልኬያለሁ፤ ለዮዲ ደግሞ “ሜካፕሽ ይደርሳል፣ አትነዝንዢኝ” ይበሉልኝ።

መልሶቼ እነዚህ ናቸው።

1ኛ. ስንት ኮር አለው፣ እያንዳንዱ ኮር ምን ያህል ፈጣን ነው፣ በስንት ዓመተ ምሕረት ነው የተሠራው። ሦስቱን ሳይጠይቁ ብር እንዳያወጡ። አራተኛ ልጨምርልዎት፦ ከማዘርቦርዱ ጋር ይገጥማል ወይ? ማዘርቦርድ ማለት ሁሉም ዕቃ የሚሰካበት ጠፍጣፋ ሰሌዳ ነው። ፕሮሰሰሩ የሚቀመጥበት ሶኬት ከሌላ ዓይነት ፕሮሰሰር ጋር በጭራሽ አይገጥምም።

2ኛ. ስም ነው። የአሥር ዓመት አይ ሰባት በዘንድሮ አይ ሦስት ሊበለጥ ይችላል። ከስሙ ኋላ ያለውን ረጅም ቁጥር ይዩ።

3ኛ. ስድስት። አራትም ጨዋታውን ብቻ ያስኬደዋል፤ በጎን ሌላ ነገር ሲከፈት ግን መሻማት ይጀምራሉ። ስምንት ቢሆን ጥሩ ነው፤ ለእርስዎ ብር ግን ቅንጦት ነው።

4ኛ. ራይዘን 5 5600ጂ። ስድስት ኮር ነው። መጨረሻው ላይ ያለችው “ጂ” ምስል የሚያወጣው ክፍል አብሮት እንዳለ ትናገራለች። እሱ ከሌለው ለብቻው ግራፊክስ ካርድ ይገዛሉ፤ ካርድ ደግሞ ብርዎን ግማሹን ይበላዋል። ካርድ እንዳለው አይሆንም፤ ጥራቱን መካከለኛ ላይ ካደረጉት ግን ባቡር በደንብ ያስነዳል። ሚሞሪውን አንድ ባለ አሥራ ስድስት ጊጋ ሳይሆን ሁለት ባለ ስምንት ጊጋ ይግዙ፤ ለዚህ ፕሮሰሰር ልዩነቱ ትልቅ ነው። በተራራው መንገድ ዝናብ ሲጀምር ደግሞ የጥላውን ጥራት ዝቅ ያድርጉት፤ ያኔ ነው የሚከብደው።

አርባ አምስት ሺህ ይጠብባል። ሁሉንም እኔ ልግዛው?

አክባሪዎ
ሥርጉት


አቃቂ፣ መስከረም 29 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለሥርጉት

ክረምቱ ወጥቷል፤ የመንደራችን ጭቃም መድረቅ ጀምሯል። አንቺም ባለሽበት ሙቀቱ ቀለል ይበልልሽ።

በመጀመሪያ፣ ቀኑን በእኛ አቆጣጠር ጻፊ። ቀጥሎ፣ የመልስ ወረቀትሽን አርሜያለሁ። ከአንድ እስከ አራት ሙሉ ነጥብ። አምስተኛው ባዶ ነው። እኔ ዘንድ ባዶ ማለት ዜሮ ማለት አይደለም፤ ያልገባ መልስ ነው። ስለዚህ ክፍት ትቼዋለሁ።

“ሁሉንም ልግዛው” ላልሽው መልሴ አይሆንም ነው።

ኮር የሚባለውን ነገር ለራሴ እንዲህ አስረዳሁት። ስድስት መምህራን አንድ ክፍል ተቀምጠው ሦስት መቶ የፈተና ወረቀት ቢያርሙ ወረቀቱን ይከፋፈሉታል፤ ሥራውም ያልቃል። አንድ ተማሪ የጻፈው የአሥር ገጽ ማረጋገጫ ግን ለስድስት አይከፋፈልም፤ ሁለተኛውን ገጽ ለማረም መጀመሪያ አንደኛውን ማንበብ ግድ ነው። እዚያ ላይ የሚያስፈልገው ብዙ መምህር ሳይሆን ፈጣን መምህር ነው። ጨዋታ ከሁለቱም ዓይነት አለው፤ በአንድ ጊዜ ብዙ ፕሮግራም መክፈት ግን የመጀመሪያው ዓይነት ነው። ልክ ነኝ?

ይህን ለየሺሐረግ ጮክ ብዬ ሳስረዳ (እሷ እንኳ አልሰማችኝም፤ ሬዲዮ ከፍታ ነበር) አንድ ሰው ከጥግ ሆኖ፣ “ሁለት ሎኮሞቲቭ ብትቀጥል የምትጎትተው ይበዛል። አትፈጥንም” አለ። ሠላሳ አራት ዓመት አስተምሬ፣ ከእኔ ምሳሌ የእሱ አጠረ።

ትናንት መገናኛ ሄጄ ሱቆቹን ዞርኩ። አንዱ ጎረምሳ ከመደርደሪያ ላይ ሳጥን አወረደልኝ።

“ጋሼ፣ ይሄ አይ ሰባት ነው። አውሬ ነው!”

“ስንተኛ ትውልድ?”

“ትውልዱ ምን ያደርግልዎታል? ሰባት ሰባት ነው።”

“ልጄ፣ ሰባተኛ ክፍልን ሦስት ጊዜ የደገመም ሰባተኛ ክፍል ነኝ ይላል።”

የጎን ሻጩ ሳቀ። “አንተ! ዛሬ አስተማሪ ወደቀብህ!” አለው። ሲከፈት አራተኛ ትውልድ ሆኖ ተገኘ፤ ዮዲ አንደኛ ደረጃ ሳለች የተሠራ ማለት ነው።

“ለልጅ ልጅዎ ነው?” አለኝ ጎረምሳው፣ ሽንፈቱን ለማለዘብ።

“ለታላቅ ወንድሜ ነው። ሰባ አንድ ዓመቱ ነው።”

“ውይ! ምን ይጫወታሉ? ተኩስ?”

“ፍሬን” አልኩት።

ማዘርቦርዱን፣ ሁለቱን ሚሞሪ፣ ሣጥኑንና የኃይል ማደያውን ከዚያው ከሳቀው ሻጭ ገዛሁ። ፕሮሰሰሩ ግን አንቺ ያልሽው የለም፤ ያለበት ሱቅም ከአቅሜ በላይ ጠራብኝ። ስለዚህ ሐሳቤን በግማሽ ቀይሬያለሁ፤ ፕሮሰሰሩን ብቻ ከዚያ ላኪልኝ። ዋጋውን ጻፊ፤ እከፍላለሁ።

ከአንቺ የተማርኩትን እየነገርኩት ስምሽን ስጠራ፣ አባትሽ መስኮቱን እያየ፣ “ጡሩምባ ሳይነፋ የተነሳ ባቡር” አለ። የነገረኝን ሳልቀንስ ማድረስ ግዴታዬ ስለሆነ ጻፍኩት።

ጥያቄ አምስት ክፍት ነው።

በጎ በጎው ይግጠምሽ
አምባው


ሻርጃ፣ ኅዳር 2 ቀን 2018

ለጋሼ አምባው

እንደምን ከረሙ? ስለዘገየሁ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሱቁ ቆጠራ ላይ ነበር፤ ከዚያ ጉንፋን ያዘኝ፤ ከዚያ ደግሞ እንዲሁ።

የመምህራኑ ምሳሌ ልክ ነው። የሎኮሞቲቩም ልክ ነው።

ፕሮሰሰሩን ገዝቻለሁ። በርካሽ ስላገኘሁት ስለ ዋጋው አይጨነቁ። ገላን ኮንዶሚኒየም የምትኖር አሰፋች የምትባል ጓደኛዬ በሚቀጥለው ሳምንት ትገባለች፤ በቦርሳዋ ይዛልዎት ትመጣለች። ከፕሮሰሰሩ ሥር ያሉትን ቀጫጭን እግሮች በእጅዎ እንዳይነኩ።

አንድ ነገር ልጠይቅ። ጨዋታው እየሄደ በጎን ይሠራል ያሉት ሁለተኛው ፕሮግራም ምንድን ነው? ስሌቱን ሊቀይረው ይችላል።

ሥርጉት


አቃቂ፣ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለሥርጉት

ጉንፋኑ እንደ ለቀቀሽ ተስፋ አደርጋለሁ። አሰፋች እግዜር ይስጣት፤ ገላን ድረስ ሄጄ ተቀበልኳት። ሻይ ካልጠጡ ብላ አንድ ሰዓት አስቀመጠችኝ። እኔ ግን ዓይኔ ቦርሳዋ ላይ ነበር።

አሁን የምጽፈውን ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

ፕሮሰሰሩ ከብስኩት አይበልጥም። ከሥሩ እንደ ብሩሽ ፀጉር የቆሙ የወርቅ ቀለም ያላቸው እግሮች አሉት። ስንት እንደሆኑ ከኢንተርኔት ፈለግሁ፤ አንድ ሺህ ሦስት መቶ ሠላሳ አንድ። ይህ ቁጥር ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? አሥራ አንድ ሲባዛ በአሥራ አንድ፣ እንደገና ሲባዛ በአሥራ አንድ! ዕድሜዬን በሙሉ ከቁጥር ጋር ኖሬ፣ ቁጥር በእንግዳ ቦርሳ ሆኖ ቤቴ ድረስ ሲመጣ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

እንግዲህ ሶኬቱ ውስጥ ከማስገባቴ በፊት ቆጠርኳቸው። ሶኬት ውስጥ አንዲት እግር ከታጠፈች ጠቅላላው አይሠራም ብሎ ያነበብኩት አስፈርቶኝ ነው። ባለ አራት ማዕዘን ደብተር ላይ ሥዕሉን አነሳሁ፤ በአጉሊ መነጽር እያየሁ፣ ሳልነካ፣ በመርፌ ጫፍ እያመለከትኩ በየረድፉ ምልክት አደረግሁ።

አንድ ሺህ ሦስት መቶ ሠላሳ።

ደገምኩ። አንድ ሺህ ሦስት መቶ ሠላሳ። ዮዲ ከሥራ ገብታ አየችኝና፣ “አባ፣ የላከችልህ ፕሮሰሰር ነው ወይስ ምስር?” አለችኝ። ሦስተኛም ያው ሆነ። አንድ እግር ጎድሎ የመጣ እንደሆነ ሌላ መግዣ የለኝም፤ አባትሽም ሣጥኑን ጠረጴዛው ላይ ካየ ወዲህ በየጠዋቱ “ደረሰ?” ይለኛል። በቀን አንድ ቃል እሱ ላይ አውሏል ማለት ነው።

የሺሐረግ ወጥ ቤት ሆና ስትሰማ ቆይታ እጇን እየጠረገች መጣች። “አምጣው” አለችኝ። “ይህ የጨርቅ ጉዳይ አይደለም” አልኳት። ከእጄ ወሰደችው። እንደምታስታውሺው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሃያ ስድስት ዓመት የሠራችው ክር መሳቢያ ክፍል ነው፤ ክሮቹ ሽመና ከመግባታቸው በፊት አንድ በአንድ በቀጭን መንጠቆ እንደ ማበጠሪያ ባሉ ጥርሶች መሃል የሚሳቡበት። በሺህ ከሚቆጠር ክር አንዱ ቢሳሳት ሙሉ ጣቃው ይበላሻል።

መነጽሯን አድርጋ ወደ መስኮቱ አዘነበለችው። እስከ አምስት ብቆጥር ነው።

“የጎደለ የለም” አለች። “የተኛች አለች።”

እውነትም ጥጉ ጋ አንዲት እግር ጎረቤቷ ላይ ተደግፋ ተኝታ ከላይ ሲታዩ አንድ ሆነዋል። የሺሐረግ ሄዳ ከሣጥኗ ውስጥ የፋብሪካውን መንጠቆ አመጣች፤ ጡረታ ስትወጣ ይዛው የቀረችው ነው። “አትተንፍስብኝ” አለችኝ። አልተነፈስኩም። አባትሽ ተነስቶ መብራቱን ያዘላት፤ በቀኝ እጁ፣ ሳይንቀጠቀጥ። ትንሽ ገፋ፣ ቆም፤ ትንሽ ገፋ፣ ቆም። “እልህ ከያዝክ ትሰበራለች” አለች፣ ለማን እንደሆነ አላወቅሁም።

አራተኛውን ቆጠራ አባትሽ ፊት አደረግሁት። አንድ ሺህ ሦስት መቶ ሠላሳ አንድ።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። የፕሮሰሰሩ ጀርባ ላይ የደረቀ ግራጫ ነገር አለ። አዲስ ዕቃ ላይ እንደማይኖር አጣርቻለሁ፤ ሠርቶ ከነበረ ኮምፒዩተር የተነቀለ ነው። እንዲሁም በመስከረም ደብዳቤሽ የተራራው መንገድ ላይ ዝናብ እንደሚጀምር ጽፈሻል። እኔ ስለ ተራራም ስለ ዝናብም አልጻፍኩልሽም፤ የጨዋታውን ስም እንኳ አልጠቀስኩም። ሁለቱን መረጃዎች አገናኝቼ አንድ ድምዳሜ አለኝ። ግን የተማሪን መልስ መምህር አይጽፍም። አንቺው ጻፊው።

ሁለተኛው ፕሮግራም ምን እንደሆነ ጠይቀሻል። የቪዲዮ ጥሪ ነው። ከማን ጋር እንደሆነ ባዶውን ቦታ ሙዪ።

አምባው


ሻርጃ፣ ኅዳር 15 ቀን 2018

ጋሼ፣

ሰላምታውን በኋላ እሞላዋለሁ።

ከራሴ ኮምፒዩተር ነው የነቀልኩት። አልገዛሁትም። ውሸቴ ለአንድ ደብዳቤ እንኳ አልቆየም፤ እርስዎን መዋሸት ድሮም አልችልበትም።

እግሯን ያስተኛኋት እኔ ነኝ እንጂ አሰፋች አይደለችም። ከላዩ የሚጫነው ማቀዝቀዣ በዚያ ግራጫ ቅባት ከፕሮሰሰሩ ጋር ይጣበቃል። ሲነቀል መጀመሪያ ኮምፒዩተሩን አብርቶ ማሞቅ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ማዞር ያስፈልጋል። ይህን ለደንበኞች በቀን ሦስት ጊዜ እናገራለሁ። የራሴ ላይ ስደርስ ግን በችኮላ ሳላሞቀው ጎተትኩት፤ ከነሶኬቱ ብድግ አለ። ሐሳቤን እንዳልቀይር ፈርቼ ነው የቸኮልኩት። እትዬ የሺሐረግን እጇን ይሳሙልኝ።

አዎ፣ እነዳለሁ። ያንኑ ጨዋታ። ሦስት ዓመት ሆነኝ። ከሱቅ ስገባ ጫማዬን ሳላወልቅ አንድ ጣቢያ እነዳለሁ። አብራኝ የምትኖረው ናዕማ “ሌላው ሰው መኪና ይነዳል፣ አንቺ ባቡር ታቆሚያለሽ” ትለኛለች፤ የምወደው ማቆሙን ስለሆነ። መስከረም ላይ በደብዳቤዎ የጻፉልኝን፣ አባቴ ስለ ፍሬን ያለውን፣ ለእኔም ብሎኝ ያውቃል። ስምንት ዓመቴ ነበር። ባቡሩን ሲነዳ ከአቃቂ እስከ ዱከም ጎኑ ያስቀምጠኝ ነበር። ከአቃቂ ስንነሳ ጡሩምባውን የምስበው እኔ ነበርኩ። እኔ ካልሳብኩ አይነሳም ነበር፤ አንድ ቀን አኩርፌ እጄን አጣጥፌ ብቀመጥ ባቡሩን ሙሉ አስጠብቆት ነበር። ተሳፋሪው በመስኮት ይጮሃል፣ እሱ እኔን እያየ ይስቃል።

የሄድኩ ቀን ያልነገርኩት ለምን እንደሆነ ይጠይቁኛል ብዬ ስጠብቅ ሰባት ዓመት አልጠየቁኝም። ብነግረው “አትሂጂ” ይለኛል፤ ካለኝ እቀራለሁ። እሱን ፈርቼ አይደለም፤ መቅረቴን ፈርቼ ነው። አውሮፕላን ማረፊያ ሆኜ ስልኩን ሁለት ጊዜ አውጥቻለሁ። ከደረስኩ በኋላ ብደውል አላነሳውም።

ጥያቄ አምስትን አሁንም መጻፍ አልቻልኩም። ወረቀት ላይ ያለ ነገር ይሰመርበታል ብለዋል።

ግራጫውን ቅባት በአልኮል ጠርገው አዲስ ይቀቡ፤ የምስር ፍሬ የምታህል፣ አይብዛ። ፕሮሰሰሩ ጥግ ላይ ያለችው ሦስት ማዕዘን ሶኬቱ ላይ ካለችው ጋር ትግጠም። ከገጠመች በራሱ ክብደት ይወርዳል፤ እንዳይጫኑት።

ሥርጉት


አቃቂ፣ ታኅሣሥ 6 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለሥርጉት

ሰላምታውን እኔ ስለ ሁለታችንም እሞላለሁ፤ ሰላም ለአንቺ፣ ሰላም ለናዕማ፣ ሰላም ለዚያ እግሩ ለዳነው ፕሮሰሰር።

በራሱ ክብደት ወረደ። እንዳልሽው።

ገጥመን አበራነው፤ ምስል መጣ። አባትሽን ግን ወዲያው አላስቀመጥኩትም። አንድ ዕድል ብቻ ያለው ሰው አስቀድሞ ይሞክራል። ስምንት ቀን በተከታታይ፣ በቀን ለአንድ ሰዓት፣ እኔው ነዳሁ። ዮዲ ከወዲያኛው ክፍል በስልኳ በቪዲዮ ትደውላለች፤ ጥሪው ተከፍቶ ይቆያል፤ እኔ የተራራውን መንገድ በዝናብ እወጣለሁ። ያለ ጥሪ በሰከንድ አርባ ስምንት ምስል ነበር፤ ጥሪው ሲከፈት አርባ ሦስት ሆነ። በስምንቱ ቀን አንድም ጊዜ አልቆመም። ጥላውን ዝቅ አድርጌያለሁ።

ስለ እኔ አነዳድ ካነሳሽ፣ ያላለፍኩት ጣቢያ የለም። የሺሐረግ አጠገቤ ሽንኩርት እየላጠች፣ “ተሳፋሪውን ወንዝ ውስጥ አወረድከው እኮ!” ትለኛለች። ስድስተኛው ቀን ላይ አባትሽ በሩ ላይ ቆሞ አየኝ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ክፉኛ ደንግጬ ነበር፤ እየሳቀ ኖሯል።

ፕሮሰሰሩ ከየት እንደተነቀለ ነገርኩት። ደብዳቤሽን ግን አላነበብኩለትም፤ የአንቺ ነው። ፕሮሰሰሩን ብቻ ነገርኩት። “እሷ አሁን በምን ትነዳለች?” አለ። “በምንም” አልኩት።

እሑድ ታኅሣሥ 12 ቀን፣ በእኛ ከቀኑ በስምንት ሰዓት እሱ ይቀመጣል። ዮዲ ጥሪውን ትከፍታለች። እንደሚደወል ነግሬዋለሁ። እሺም እምቢም አላለም። ባዶውን ቦታ ሞልተሽው እንደሆነ ያን ጊዜ እናያለን።

ጸሎቴ ካንቺ ጋር ነው
አምባው


ሻርጃ፣ ታኅሣሥ 13 ቀን 2018

ለውድ ጋሼ

እንዴት አደራችሁ? እርስዎ ኋላው ቆመው ስለነበር የእኔን በኩል አላዩም፤ ልንገርዎት።

የምሳ ሰዓቴ ነበር። ሱቁ ጀርባ፣ ባዶ ካርቶኖች መሃል፣ ስልኬን አንድ አሮጌ ሞኒተር ላይ አስደግፌ ተቀመጥኩ። ዮዲ ጥሪውን ስትከፍት ካሜራው ከጎኑ ስለነበር መጀመሪያ ያየሁት ጆሮውን ነው። ሸብቷል። ጆሮ ላይ ያለው ፀጉር ሁሉ። ወደ እኔ አልዞረም። ስክሪኑን ነው የሚያየው፤ ስክሪኑ ላይ ባቡሩ ጣቢያ ቆሟል። በሮቹ ተዘግተዋል፣ አረንጓዴ በርቷል፤ እሱ ግን አይነሳም።

አንድ ደቂቃ። ሁለት። ቆመ ብዬ ነበር፤ ፕሮሰሰሩ ያው ቆመ፣ በእኔ እጅ በታጠፈችው እግር ምክንያት አለቀ ብዬ። “ጋሼ ደርቋል?” ብዬ ልጮህ ስል ዝናቡ ሲወርድ አየሁ። ዝናቡ ይንቀሳቀሳል። ሰዓቱም ይቆጥራል። ኮምፒዩተሩ አልቆመም። እሱ ነው ያቆመው።

እርስዎ “ወንድም ጋሼ፣ ፍሬኑን ልቀቅ እንጂ” ሲሉት ሰማሁ። እሱ እጁን ፍሬኑ ላይ እንዳደረገ፣ አሁንም ሳይዞር፣ “ሰው እጠብቃለሁ” አለ።

ጋሼ፣ እኔ የምስበው ነገር አልነበረኝም። ስለዚህ በአፌ ነፋሁት። እንደ ልጅነቴ፤ ረጅም፣ አጭር፣ ረጅም። አለቃዬ ጂራታ ሮጦ መጣ፤ ዕቃ የወደቀ መስሎት። ደንበኞቹ ከመደርደሪያው በላይ አንገታቸውን አሰገጉ። እኔ መንፋቴን አላቆምኩም።

ያኔ ዞረ።

ከዚያ በኋላ ያለውን እርስዎም ሰምተዋል፤ ከዮዲ ጋር ወደ ወጥ ቤት እስክትወጡልን ድረስ ያለውን ማለቴ ነው። ስለወጣችሁልን አመሰግናለሁ። አርባ ደቂቃ ነዳ። አራት ጣቢያ፣ አራቱንም መስመሩ ላይ አቆመ። አለቃዬ ከምሳ ሰዓቴ በላይ ያለውን ሃያ ደቂቃ አልቆረጠብኝም፤ ቆሞ ሲያይ የነበረው እሱ ራሱ ነው።

ጥያቄ አምስት። መልሱን በወረቀት አልጽፍም፤ ለራሱ ነግሬዋለሁ። ስለዚህ እርማቱን ከእሱ ይጠይቁ።

ሥርጉት


አቃቂ፣ ታኅሣሥ 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለሥርጉት

ይህችን አጭር ወረቀት በጤና ያድርስልሽ።

ዛሬ ጠዋት እንዳዘዝሽኝ ቀዩን እስክሪብቶ ይዤ አባትሽ ዘንድ ሄድኩ። ኮምፒዩተሩ ፊት ተቀምጦ ነበር፤ የሺሐረግን ከአቃቂ ወደ ዱከም እንዴት እንደሚኬድ በተራራው መንገድ ላይ ያስረዳታል። ቃሉን መቁጠር ትቻለሁ።

“ለአምስተኛው ጥያቄ ስንት ልስጣት?” አልኩት።

ዓይኑን ከሐዲዱ ሳያነሳ መለሰልኝ።

“ዘግይቶ ገባ። ግን ገባ።”

አምባው